ሰሜንን የሚያስታውሱ ድንጋዮች

ባለፈው ጸደይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ዳር ሲቲስኬፕ በሚባል አዲስ ሰፈር የገዛችውን ቤት ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ቤቱ ገና አልተሠራም፤ የነበረው የመሠረቱ ጉድጓድ ብቻ ነው። ዘንቦ ስለነበር ከጉድጓዱ የወጣው ግራጫ ጭቃ ጠርዙ ላይ ተቆልሎ ፀሐዩ ሲነካው ይተናል። እሷ በጣቷ እያመለከተች "ኪችኑ እዚህ ጋ፣ ሳሎኑ እዚያ ጋ" ስትለኝ እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ጓል አነሳሁና አሸተትኩት።

"ምነው? ጭቃ እኮ ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት፤ ጓሉን ግን አልጣልኩትም። ተሰብሮ ገና አየር የነካው እርጥብ ጭቃ የራሱ ሽታ አለው። ዝናብ ይሸታል፤ ትንሽ ደግሞ የዛገ ሚስማር ይሸታል። አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ በአንድ መፀው፣ ይህ ሽታ ከልብሴ ላይ አይጠፋም ነበር። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሰው በተሰበሰበበት መናገርም ይከብደኛል። ስለ ድንጋይ ሲወራ ግን አላፍርም፤ የማውቀውን በእጄ ይዤ ነው ያወቅሁት።

ያኔ የምንኖረው ፓይንሪጅ በሚባል የካልጋሪ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ታውንሃውስ ውስጥ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ እኔና እማዬ፣ ከጎናችን ባለችው ጠባብ ክፍል እትዬ ወርቄ፣ ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል፣ ደግሞ የእማዬ ታናሽ እህት። ስሟ ፍሬሕይወት ነው፤ እኔ እቴቴ ነበር የምላት። ከአዲስ አበባ የመጣችው ለማስተርስ ሲሆን የምታጠናው ድንጋይ ነው። እትዬ ወርቄ ዘመዳችን አይደሉም፤ ከእኛ ጋር ቤቱን የተጋሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከጎጃም ገጠር ተነስተው ብዙ አገር ዞረው ካልጋሪ ደረሱ። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። የእሳቸው ስፌት ጨርቁ ላይ ተፈልጎም አይታይ፤ ምላሳቸው ግን ከሩቅ ይወጋል።

እቴቴ ድንጋዮቿን የምታመጣቸው በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላ ነው። ዋናዎቹን ዩኒቨርሲቲ ታስገባቸዋለች፤ ትርፍ የሆኑትን ቤት አምጥታ ከቤዝመንቱ ደረጃ ሥር ትደረድራቸዋለች። አንድ እሑድ እትዬ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ራባቸውና ከዚያ አንድ ጥቅል አነሱ። ፎይሉን ገለጥ አድርገው ግራጫ ነገር ሲያዩ የደረቀ ዳቦ መሰላቸው። ነከሱት።

"አንቺ ልጅ" አሉ እቴቴን፣ ጥርሳቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "እንግዳ ሲመጣ ይኸን ነው የምታቀርቢ?"

"እትዬ፣ እሱ እኮ ከዳይኖሰር ጊዜ ጀምሮ የተቀመጠ ነው።"

"እኔም ገምቻለሁ። ትኩስ አይደለም።"

እኔ ግን ድንጋዮቹ የታመሙ ነበር የሚመስለኝ። እቴቴ ላቦራቶሪ፣ እኛ ላብ የምንለው ቦታ፣ ትወስዳቸዋለች፣ ትለካቸዋለች፣ ውጤታቸውን ትጠብቃለች፤ እማዬም ለምርመራ ደም ስትሰጥ የምትሄደው ላብ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ "ምን ሆነው ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። ከእትዬ ወርቄ አንድ መርፌ ተበደረች፣ ወገቡን በቀጭን ክር አሰረችና አንጠለጠለችው። መርፌው ቀጥ ብሎ ተጋደመ። አወረደችው፣ በማግኔት ደጋግማ አሸችው፣ መልሳ አንጠለጠለችው። አሁን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ጫፉን ወደ ጎረቤታችን አጥር አደረገና አፍንጫውን ወደ ወለሉ ደፋ።

"ሰሜን በዚያ ነው" አለች። "የምድር ማግኔት እዚህ አገር ወደ ሰሜን ብቻ አይስብም፤ ወደ ታችም ይስባል። ይኸው መርፌ አዲስ አበባ ቢሆን ተጋድሞ ይቀር ነበር።"

"ለምን?"

"አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ነዋ። እኛ እዚህ ወደ ጫፍ ወጥተናል።"

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። መርፌው ሰው የፈራ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ስሜን ስትጠራ እኔም አንገቴን የምደፋው እንደዚያ ነበር። አዲስ አበባ ብሆን ቀና ብዬ እሄድ ነበር ማለት ነው ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ።

እቴቴ መርፌውን እያየች ቀጠለች። ድሮ ወንዝ ጭቃ ይዞ ሲወርድ፣ ጭቃው ውስጥ ከዱቄት የደቀቀ ብረት ነበረ። ጭቃው ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲዘቅጥ እያንዳንዷ የብረት ቅንጣት እንደዚህ መርፌ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ከዚያ ሌላ ጭቃ ይጫናታል። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ድንጋይ ይሆናል። ቅንጣቷም እንደዞረች ትቀራለች።

"ከዚያ በኋላ ዓለም ቢለወጥ እሷ አትንቀሳቀስም" አለችኝ። "የዚያን ጊዜውን ሰሜን ይዛ ትቀመጣለች።"

"ሰሜን ሁልጊዜ ሰሜን አይደለም?"

"አይደለም። ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። አሁን ሰሜን የሚያሳየው መርፌ ደቡብን የሚያሳይበት ዘመን ነበረ። በዚያ ዘመን የዘቀጠ ጭቃ አፍንጫው ወደ ደቡብና ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚገኘው። እኔ እሱን ነው የምፈልገው።"

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺፍት ስለነበራት እቴቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ፒክአፕ ተቀብላ ድረምሄለር ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ እንነዳለን። የታጨደ የስንዴ ሜዳ ነው፤ ምንም የማያልቅ ይመስላል። ከዚያ መሬቱ በድንገት ይቆረጥና ወንዙ ከታች ይታያል። ገደሉ ተደራርቦ የተጋገረ ይመስላል፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ እንደገና ግራጫ፣ በመሃል ቀጭን የከሰል መስመር። የታችኛው ንብርብር ቀድሞ የዘቀጠ ነው፤ የላይኛው የኋለኛው። እቴቴ ከታች ጀምራ ሳምንት በሳምንት ወደ ላይ ትወጣ ነበር።

ሥራው አይለወጥም። በመሮና በአካፋ የፈረሰውን ገጽ ታነሳና ጤነኛው ድንጋይ እስኪገኝ ትቆፍራለች። በቢላ አንድ ገጹን ትልጋለች። ድንጋዩ ከቦታው ሳይነቀል ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በማርከር ትሥልበታለች፤ ኮምፓሱን አስጠግታ ገጹ ወደ የት እንደሚያይ ታነባለች፤ ምን ያህል እንደተጋደመ ደግሞ በውሃ ልክ ትለካለች። ሁለቱን ቁጥሮች እዚያው ድንጋዩ ላይ ትጽፋለች። የምትነቅለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

"ቀስት ሳይኖረው የተነቀለ ድንጋይ ሙት ነው" ትለኝ ነበር። "የሚያውቀውን ያውቃል፤ ግን ወዴት እያየ እንዳወቀው የሚነግርሽ የለም።"

የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። ኮምፓሱ ከመውጣቱ በፊት መሮውን፣ አካፋውንና ቢላውን ይዤ ርቄ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ብረት አጠገቡ ካለ መርፌው ሰሜንን ትቶ ብረቱን ያያል። ሊነቀል ሲል ዕቃውን አመጣለሁ፤ የተነቀለውን ድንጋይ ደግሞ በፎይል እጠቀልለዋለሁ። ፎይል ግን ኮምፓስን አይነካም። ይህንን እያወቅሁ ማደግ ያኮራኝ ነበር። ከክፍሌ ልጆች አንዳቸውም አያውቁትም።

ለእትዬ ወርቄ ማታ ማታ የዋልንበትን እነግራቸው ነበር። መሬት መቆፈራችንን አልወደዱትም።

"መሬት ባዶ እጅ አይቆፈርም" አሏት እቴቴን አንድ ቀን።

"ባዶ እጄን አይደለም እትዬ። መሮ አለኝ።"

"ልጅቷ መሮውን ይዛ ትሸሻለች አይደል እንዴ? ነግራኛለች። ብረቱ ከራቀ በኋላ እጅሽን ጉድጓድ ውስጥ ትከቻለሽ።"

"ጋኔኑ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ አንግባባም" አለች እቴቴ፤ እኔና እማዬ ሳቅን። እትዬ ወርቄ አልሳቁም።

ሴፕቴምበር ሲያልቅ ነፋሱ ከረረ። እቴቴ ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡበት ሱቅ አንድ ወፍራም የወንድ ጃኬት ገዛች። እጅጌው ጣቶቿን ውጦ ይንጠለጠላል።

"አምጪው" አሉ እትዬ ወርቄ። "በዚህ እጅጌ ድንጋይ ሳይሆን ዓሣ ነው የምታጠምጂ።"

በማግስቱ አሳጥረው መለሱላት። የእጅጌው ጫፍ እጥፍ ወፍራም ነበር፤ ስፌቱ ግን የፋብሪካ ይመስላል። እቴቴ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ሁሉ ያንን ጃኬት ለብሳ ሠራች። የደረስነው የከሰሉ መስመር አካባቢ ነበር፤ የተገለበጠው ንብርብር ካለ እዚያ ነው የሚገኘው ትል ነበር።

በእነዚያ ቀናት አንድ ነገር አየሁ። እቴቴ ስትጽፍ ኮምፓሱን እኔ እይዝላት ነበር። ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ መርፌው ከሰሜን ተነስቶ ወደ እሷ ይዞራል። ብረቱን ሁሉ አርቄያለሁ፤ ስለዚህ ብረት ሊሆን አይችልም። ኮምፓሱ ለምዷት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የጎረቤታችን ውሻ ባለቤቱ ስትመጣ አንገቱን እንደሚያዞረው። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም፤ እሷ ራሷ የምታውቀው መሰለኝ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ እቴቴ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ኪችን ውስጥ ተቀመጠች። እማዬ ድንች ትልጥ ነበር።

"የላይኞቹ ሳምፕሎች ተበላሹ" አለች። "የታችኞቹ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ያያሉ። የላይኞቹ ግን አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ። እንደተበተነ ቆሎ ናቸው።"

"ታዲያ ሌላ አምጪያ" አለች እማዬ። "ድንጋይ ጠፋ?"

"ፕሮፌሰሩ ፒክአፑን አይሰጠኝም። ምን እንደተበላሸ ሳታውቂ ብትሄጂ ያንኑ ደግመሽ ትመጫለሽ ነው የሚለኝ። ወይ ድንጋዩ የማይረባ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። በረዶ ከጣለ ገደሉ እስከ ጸደይ አይነካም። የእኔ ጊዜ ደግሞ በዲሴምበር ያልቃል።"

"ካልሆነስ?"

"የታችኛው ብቻውን ቴሲስ አይሆንም። ባዶ እጄን አገሬ እገባለሁ።" ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። "እጄ ግን አልተሳሳተም፣ እህቴ። እያንዳንዱን ቀስት ስሥል አስታውሳለሁ።"

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔን ያስፈራኝ ግን እሱ ነው፤ ሰው እርግጠኛ ሆኖም ሊባረር እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ላብ ይዛኝ ሄደች። የመለኪያው ክፍል የምድርን ማግኔት እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሩ ላይ የፀጉሬን ሽቦና ጫማዬን አወለቅሁ፤ የእሷ ጃኬት እንደ ሁልጊዜው ከውጭ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ውስጥ አንድ ትንሽ ምድጃ አለ። ድንጋዮቹን በምድጃው በደረጃ ታሞቃቸዋለች፤ የኋለኞቹ ዘመናት በላያቸው ላይ ያሳደሩባቸው ማግኔት ቀድሞ ይለቃል፣ የመጀመሪያው ይቀራል። "እንደ ልብስ ነው" አለችኝ። "ላይ ላዩን ቆሻሻ ሲለቅ የጨርቁ ቀለም ይታያል።" ፕሮፌሰሩ ብቅ ብሎ አየን። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስሜን ጠየቀኝ፤ ከእቴቴ ጀርባ ተደበቅሁ። ለእሷ "አሁንም ያው ነው?" አላት። "ያው ነው" አለችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ከኪችን ጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ድንች ስትልጥ፣ እቴቴ ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በሁሉም ወገን ትዞረው ጀመር። ምናልባት የተበላሸው እሱ ይሆን ብላ ነው። መርፌው ዝም ብሎ ወደ ጎረቤታችን አጥር ያያል።

"ጤነኛ ነው" አለች።

"አንቺ ስትቀበይኝ ነው እንጂ የሚዞረው" አልኳት።

"ምን አልሽ?"

ሁለቱም ሲያዩኝ ፊቴ ጋለ። "ማለቴ... ያውቅሻል። ወንዙ ጋ እጅሽን ስትዘረጊ ወደ አንቺ ይዞራል።"

"ሰኒ፣ ተረትሽን ለኋላ" አለች እማዬ።

"ተያት።" እቴቴ እጇን ወደ ኮምፓሱ ዘረጋች። መርፌው አልተነቃነቀም። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። "ወንዙ ጋ ምን ለብሼ ነበር?"

መልሴን አልጠበቀችም። ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ አንስታ ለበሰችና እጇን እንደገና ዘረጋች። መርፌው ከሰሜን ተነስቶ የቀኝ እጅጌዋን ጫፍ ተከተለ። እጇን ወደ ግራ ስትወስድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትወስድ ወደ ቀኝ። እጥፉን በጣቶቿ ጨመቀችው። ከዚያ በእማዬ የድንች ቢላ ስፌቱን ፈታች፤ አንዲት የሾለች የብረት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

እትዬ ወርቄ ይህን ጊዜ ከክፍላቸው ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"የመቀሴ ጫፍ" አሉ። አላቀረቀሩም። "ፋብሪካ ተሰብሮ ነው።"

"እጅጌዬ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ይጠብቅሻል። ወንድሜ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ብረቱን ላይ ትቶ ባዶ እጁን ወረደ። ሲወጣ ታሞ ነው፤ ብዙም አልቆየ። እናቴ ምነው ቢላ ባስያዝኩት እንዳለች ሞተች። አንቺንም ብጠይቅሽ እምቢ ነው የምትይ፤ ስለዚህ አልጠየቅሁሽም።"

"እርስዎ ደግሞ..." ብላ እማዬ ልትጀምር ስትል እቴቴ እጇን አነሳችባት። የመቀሱን ጫፍ እያየች ነበር። "ቆይ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ ቤዝመንት ሮጠች። ወረቀቶቿን ተሸክማ ወጣች፣ በድንቹ ልጣጭ መሃል ዘረጋቻቸው።

"ስሚኝ ሰኒ። ብረቱ የኮምፓሱን መርፌ ወደ ጎን ነው የሚወስደው። ስለዚህ ምሥራቅና ምዕራቡ ሁሉ ውሸት ነው። ድንጋዩ ምን ያህል እንደተጋደመ የለካሁት ግን በውሃ ልክ ነው። ውሃ ልክን ብረት ያሳስተዋል?"

"አያሳስተውም።"

"ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው እውነት ነው። የታችኞቹ ድንጋዮች ሁሉም ወደ ታች ያያሉ። እነዚህኞቹን እዪ።" ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አወረደች። ከእያንዳንዱ ፊት የመቀነስ ምልክት ነበር። "ሁሉም ወደ ላይ። ፕሮፌሰሩ ይህንን አይቶ ቀስቱን ገልብጠሽ ሥለሽ ይሆናል ብሎኝ ነበር። አልገለበጥኩም። የተገለበጠው ምድር ነው።"

እትዬ ወርቄ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እና ጥፋት ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም?"

"ሠርተዋል እትዬ" አለች እቴቴ። "ግን ምክንያት አምጪ ተብዬ ነበር፤ ምክንያቱን እርስዎ ሰፍተው ሰጡኝ።"

ሰኞ ጃኬቱንና የመቀሱን ጫፍ ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። ማታ እንደነገረችን፣ ምንም ሳታስረዳው ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እጅጌውን አስጠጋች፣ አራቀች። እሱም ራሱ ሞከረው። ከዚያ በመስኮት ሰማዩን አየ፤ በረዶ ይጥላል እየተባለ ነበር። የፒክአፑን ቁልፍ ሰጣት፤ ግን እሱም አብሮ እንደሚመጣ ነገራት።

ያስቸገሩን እትዬ ወርቄ ናቸው። ያለ ብረት መሬት እንዳትነኪ አሉ። እቴቴ አልተከራከረችም፤ ኮምፓሱን ሰጠቻቸውና የማያዞረው ነገር ካገኙ እይዘዋለሁ አለቻቸው። እኔና እሳቸው ቤቱን በሙሉ ፈተንነው። መርፌ ያዞራል። የበር ቁልፍ አያዞርም፤ ናስ ነው። የድስት ክዳን ያዞራል። ከአሮጌ ካፖርታቸው የናስ ቁልፍ ነቅለው አስጠጉት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

"ይኸው፣ ናሱን እይዛለሁ እንግዲህ" አለች እቴቴ።

እትዬ ወርቄ ቁልፏን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና ተዉዋት። "ናስን ማን ይፈራል? እኔው እመጣለሁ።"

"ሺፍትዎስ?"

"ሲክ ኮል አደርጋለሁ፤ አሞኛል እላቸዋለሁ።"

ቅዳሜ አራት ሆነን ሄድን። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። ፒክአፑ ገደሉ አናት ላይ፣ ከምንሠራበት በጣም ርቆ ቆመ። ፕሮፌሰሩ ቀበቶውን፣ ቁልፉንና ሰዓቱን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ እትዬ ወርቄ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ቀሚሳቸውን ዘረጉለት። ብረት ሁሉ ጉያቸው ውስጥ ገባ፤ የመቀሱም ጫፍ እዚያው ነበረች። መስኮቱን ከፍተው ወደ ወንዙ ዞሩ።

ፕሮፌሰሩ ማን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

"ሴኪዩሪቲ ናቸው" አለችው እቴቴ።

ከከሰሉ መስመር በላይ ጀመርን። እቴቴ ጃኬቱን ትታ ሹራብ በሹራብ ደርባ ነበር። ቆፈረች፣ ላገች፣ ቀስቱን ሣለች። ኮምፓሱን ልታነሳ ስትል ፕሮፌሰሩ አስቆማት። የሚያነበው ምን ቁጥር እንደሚፈለግ የማያውቅ ሰው ይሁን አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ኮምፓሱን ገጹ ላይ አስጠግቼ ጠበቅሁ። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ። ቁጥሩን ተናገርኩ። ነፋሱ ወሰደው።

"ላውደር፣ ጮክ በይ" አለ ፕሮፌሰሩ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ።

ደግሜ አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። እቴቴን አየኋት፤ ልትናገርልኝ አልቻለችም፤ አይፈቀድላትም ነበር። እሷ ብትናገርልኝ ድንጋዩ እንደገና ሙት ይሆናል። አየር ሳብኩና ጮህኩ። ድምፄ ከማዶ ገደል ተመልሶ መጣ፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ጻፈ። ሁለተኛውንም ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። የእቴቴ ጣቶች በብርድ ሰማያዊ እስኪሆኑ ሠራን፤ የመጨረሻውን ድንጋይ በፎይል ስጠቀልል ትከሻዬ ላይ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ውጭው ነጭ ሆነ። እቴቴ ላብ እየዋለች ከጨለመ ትመጣለች፤ እኛ አንጠይቃትም፣ እሷም አትነግረንም። እትዬ ወርቄ ከሥራ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት የእቴቴን ጫማ ነበር፤ በሩ ላይ ካለ ራታቸውን ይበላሉ፣ ከሌለ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ።

አንድ ዓርብ ማታ፣ በጊዜ፣ እቴቴ ገባችና ኮቷን ሳታወልቅ "ደቡብ" አለች። "ሁሉም ደቡብ። ሁሉም ወደ ላይ። አንዱም አልተበተነም።"

እማዬ ዘላ አቀፈቻት። እትዬ ወርቄ ግን መጨረሻውን ነው የፈለጉት።

"እና ትቀሪያለሽ?"

"እቀራለሁ። ፕሮፌሰሩ ፈርሟል። ዲሴምበር ላይ አቀርባለሁ።"

"ወንድ ልጅ ውለጂ" አሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ትንሽ አሰቡ። "ሰሜኑ ሲገለበጥ ሰዉ ምን ሆነ?"

"ሰው ገና አልነበረም።"

"እንስሳቱስ?"

"ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ምንም የተሰማቸው አይመስለኝም፤ የሚገለበጠው በቀስታ ነው።"

"ካልተሰማቸው ማን ይዞት ቆየ?"

"ጭቃው ነዋ" አልኩ እኔ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አላቀረቀርኩም።

በማግስቱ እቴቴ ረጅም ወረቀት አምጥታ በቤዝመንቱ ደረጃ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ ለጠፈችው። ገደሉ ነው አለችኝ፤ ታችኛው ደረጃ የወንዙ ዳር፣ ላይኛው የስንዴው ሜዳ። በእርሳስ ንብርብሮቹን ለየች። ወፍራም ጥቁር ማርከር ሰጠችኝና መርፌው እንደ ዛሬው ሰሜን የሚያይባቸውን እንዳጠቁር ነገረችኝ። ከታች ጀመርኩ። የማርከሩ ሽታ ራሴን አዞረው፣ እጄ ጠቆረ፣ ደረጃ በደረጃ እያጠቆርኩ ወጣሁ። የከሰሉን መስመር ልነካ ስቃረብ እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"እዚህ ጋ ተይው። ከዚህ በላይ ያለው ነጭ ነው የሚቀረው።"

"አልጨረስነውም?"

"ጨርሰነዋል። የተገለበጠው በነጭ ነው የሚታየው።"

ነጩ ብዙ አልነበረም። ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቅኳት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው አለችኝ። መዳፌን ነጩ ላይ አደረግሁት፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሸፈነው።

"እጅሽን አንሺ" አለችኝ እቴቴ፣ ከታች ከደረጃው ሥር ቆማ ቀና ብላ እያየች። "ልየው።"